ፈንታሌ ሐሙስ ይፈነዳል

ጋሽ ዘርዓብሩክ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሃምሳ አምስት ኢንች ቴሌቪዥን ታቅፈው ከቤታቸው ወጡ። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። የቴሌቪዥኑ ገመድ ኮብልስቶኑ ላይ እየተጎተተ ይከተላቸዋል።

ያን ምሽት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ባለው መንገዳችን ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም። በአዋሽ በኩል መሬት ይንቀጠቀጣል ሲባል ሰንብቷል፤ የዚያን ዕለቱ ግን እኛም ቤት ድረስ መጣ። ብርጭቆ ተንጫጫ፣ አምፖል ተወዛወዘ፣ ሰዉ ያገኘውን ይዞ ወጣ። እኔ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ፊት ለፊታችን ዳቦ ቤት ያላት አልፊያ አሮጊት እናቷን አዝላ ወጣች። ጋሽ ዘርዓብሩክ ደግሞ ቴሌቪዥን።

የጠየቀቻቸው አልፊያ ናት። ክፋት አልነበራትም።

«ጋሼ፣ እትዬ ዘመነችስ?»

ጋሽ ዘርዓብሩክ ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ የታቀፉትን ቴሌቪዥን አዩት፣ እሱ የሚያውቅ ይመስል።

እትዬ ዘመነች የሠላሳ አንድ ዓመት ሚስታቸው ናቸው። ቤቱ ሲወዛወዝ ባኞ ቤት ነበሩ። መቃኑ ተጣመመና በሩን ነክሶ ያዘው። የባላቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጠርተዋል፤ ይህን እኔም ከመንገድ ሰምቻለሁ። በሩን በእርግጫ ሰብራ ያወጣቻቸው ላይኛው ፎቅ ተከራይታ የምትኖረው ራኬብ ናት። ራኬብ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ጂኦሎጂስት ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ጫማዋ አቧራ የለበሰ። ሁለቱ ተደጋግፈው ሲወጡ እትዬ ዘመነች ፎጣ አገልድመው የራኬብን ጃኬት ደርበው ነበር።

እትዬ ዘመነች ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ሄደው አልፊያ ዳቦ ቤት ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ዘርዓብሩክን ላልሰማ ሰው ላስተዋውቅ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከቦንጋ መጥተው፣ ቤቴል ላይ የሴራሚክና የገንዳ ሱቅ ከፍተው፣ ልጆች አስተምረው፣ ፎቅ የሠሩ ሰው ናቸው። የዕድራችን ሰብሳቢ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። በየለቅሶው «መሪ መጨረሻ ነው የሚወጣው» ማለት ይወዳሉ። ድንኳን ሲተከልም፣ ወንበር ሲለቀምም፣ በረባ ባልረባው ይህንኑ ይሏታል። እንግዲህ ያን ምሽት ማን መጀመሪያ እንደወጣ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል።

ሰፈር ደግሞ ምሕረት አያውቅም። በነጋታው ሱቃቸው በር ላይ «ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ እንዴት አደረ? ደነገጠ?» ያላቸው ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአየር ጤና ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ስለ «ባለ ፕላዝማው ሽማግሌ» እየተሳሳቁ ሲያወሩ ሰምተው ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወረዱ። ቤታቸውም አልተሻለም። እትዬ ዘመነች አልተጣሉም፣ አላኮረፉም፤ ምሳ ያቀርባሉ፣ «ጨው አንሶታል?» ይላሉ። ብቻ ቴሌቪዥኑ በተከፈተ ቁጥር ተነሥተው ይሄዳሉ።

ጋሽ ዘርዓብሩክ የዳኑት በስልካቸው ነው።

ፍቅሬ የሚባል የመኪና ደላላ ነበር። የመኪና ገበያው ሲቀዘቅዝ ቲክቶክ ላይ «ፕሮፌሰር ፍቅሬ» ሆነ። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ከኋላው የሌላ አገር ተራራ ሲፈነዳ እያሳየ፣ «በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሥር ሱፐር ቮልካኖ ተደብቋል! የሚነግራችሁ የለም! አዲስ አበባ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አመድ ትሆናለች!» ይላል። ጋሽ ዘርዓብሩክ ይህን አንድ ጊዜ አዩ፣ ደግመው አዩ፣ በሦስተኛው ፊታቸው በራ። ለምን እንደበራ ገብቶኛል። መሬቱ ትንሽ ነቅነቅ ብላ የተወች ከሆነ ሚስቱን ጥሎ የሮጠ ሰው ፈሪ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከተማ የሚያጠፋ ሱፐር ቮልካኖ ከሆነ ግን ቀድሞ የወጣ ሰው አርቆ አሳቢ ነው። ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ ያለው የፈንታሌ ተራራ መፈንዳት ነበረበት። ለአንድ ሰው ክብር ሲባል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ስብከት ቤት ሆነ። ገንዳ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ማግማ ሰምቶ ይመለሳል። «እኔ እኮ ያን ዕለት ተሰምቶኛል» ይላሉ፣ ደረታቸውን እየነኩ። «የተራ መንቀጥቀጥ አይደለም። ከሥር የሚመጣ ነው።» ሌላው መንቀጥቀጥ ከላይ ይመጣ ይመስል። ሰውም ቀስ በቀስ ማላገጡን ተወ። ፍርሃት ሲገባ ቀልድ ይወጣል። በሳምንቱ «ቴሌቪዥኑስ?» ይላቸው የነበረው ሁሉ «ጋሼ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለት ጀመረ።

እሳቸውም አስቸኳይ የዕድር ስብሰባ ጠሩ።

እሑድ ከሰዓት፣ ኦርቶዶክሱ ከቅዳሴ፣ ጴንጤው ከአምልኮ ተመልሶ፣ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ለለቅሶ ቅጣት ካልተጻፈበት የማይመጣ ሰው ሁሉ መጥቷል። ራኬብ ተጋብዛለች፤ «የራሳችን ምሁር» ተብላ። ፍቅሬም ተጋብዟል፣ ከነጋዋኑ።

ራኬብ ተነሥታ በቀስታ አስረዳች። ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሱፐር ቮልካኖ ግን አይደለም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቅልጥ አለት አፍስሷል። አሁንም ከሥሩ ማግማ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ የመሬት ነውጡ የመጣው ከዚያ ነው። ሊፈነዳ ይችላል፣ ላይፈነዳም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ማግማ መሬት ሳይወጣ እዚያው ከሥር ይቀራል። ቢፈነዳም ከኛ በአየር መስመር ከመቶ ሠላሳ ኪሎሜትር አያንስም፤ ዋናው አደጋ እዚያ ለሚኖሩት ነው።

«አዎ ወይስ አይደለም በይን!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይታወቅም ነው የምላችሁ።»

«በዶክትሬት ተምረሽ ቀኑን ካላወቅሽ ታዲያ ምን ተማርሽ?»

«ቀን የሚቆርጥላችሁን ሰው እንዳታምኑ ተማርኩ» አለች።

ራኬብ ወረቀቷን አጠፈችና ጨመረች፤ «ከእሳተ ገሞራው ይልቅ ቤቶቻችሁን እዩ። ነውጥ አይገድልም፣ ቤት ነው የሚገድል። እኔ የምኖርበት ፎቅ ለምሳሌ አንድ ፎቅ እንዲሸከም በተሠራ የኮለን ምሰሶ ላይ የተጨመረ ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሮቶ ውሃ ተሰቅሏል። ኮለኑ ተሰንጥቋል፤ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ።»

ጋሽ ዘርዓብሩክ ቀሉ። «አንቺ ተከራይ ነሽ!» አሉ። «ስለ ተራራ ነው የጠየቅንሽ፤ ስለ ቤቴ ማን ጠየቀሽ?»

አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ከሰው ቤት ይልቅ ስለ ተራራ ማውራት ደስ ይላል፤ ተራራ ጎረቤት አይደለም፣ አይቀየምም።

ቀጥሎ ፍቅሬ ተነሣ። እሱ አላብራራም። ስልኩን ከፍቶ አንድ ቀይ መስመር አሳየንና «ሐሙስ» አለ። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። እውነቴን ነው፤ ልታልቁ ነው የተባለ ሕዝብ እንዲያ ሲቀለው አይቼ አላውቅም። ቀን ተቆረጠልን። ሰዓት እንኳ አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ የት እንሂድ ነበር፤ ፍቅሬም መልሱን ይዟል። ወንጪ። ወደ ምዕራብ የራቀ፣ ከፍ ያለ፣ ሐይቅ ያለበት፣ አየሩ ንጹሕ። አውቶቡስ የሚያቀርብ ወዳጅም አለው።

አልፊያ እጇን አወጣች። «እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚያ አዋሽ ያሉት ሰዎች ቤታቸው ተሰንጥቆ ሜዳ ላይ ናቸው። እርዳታ እየተሰበሰበ ነው። ዕድሩ ሁለት ድንኳን አለው። አንዱን ብንልክስ?»

«እኛስ?» አለ አንድ ድምፅ።

«እኛ ቤት አለን።»

«እስከ ሐሙስ ነዋ!»

አልፊያ አልተቀመጠችም። «የቆሼ ቆሻሻ ክምር የተናደ ጊዜ በዚሁ ድንኳን ስንት ሳምንት ለቅሶ ተቀመጥን። ያ ክምር እዚሁ አጠገባችን ነበር። ማናችንም ሱፐር አላልነውም፣ ማናችንም ቀኑን አልጠየቅንም። አሁን ለራቀው ነው የምንሸሸው?»

ጋሽ ዘርዓብሩክ ድምፅ አሰጡ። ድንኳኖቹ ከኛ ጋር ወንጪ ይሂዱ የሚል፦ አብዛኛው እጅ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ እጅ እቆጥራለሁ። የራሴንም ቆጠርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ቅጥቅጥ አይሱዙ አውቶቡስ ከአዳራሹ ፊት ቆሙ። ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ጀሪካን፣ አንድ በግ፣ ሁለት ድንኳን። ጋሽ ዘርዓብሩክ ፊሽካ ገዝተዋል። ሰው ተሳፍሮ ሲያልቅ እትዬ ዘመነች በነጠላቸው ተሸፍነው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሻንጣ አልያዙም።

«ግቢ እንጂ» አሏቸው ጋሽ ዘርዓብሩክ።

«አልሄድም።»

«እንዴት አትሄጅም? ነገ እኮ ነው!»

«አንተ ሂድ። ቤቱን እኔ አየዋለሁ።»

«ዘመነች፣ ሰው እያየ ነው።»

«ያኔም ሲያይ ነበር» አሉ እትዬ ዘመነች። ድምፃቸውን አላነሡም። «ቴሌቪዥኑን ግን ውሰደው፤ ካንተ ጋር መውጣት ለምዷል።»

መኪናው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጫማችንን ማየት ጀመርን። ጋሽ ዘርዓብሩክ ፊሽካውን ነፉና ተነሣን። በአየር ጤና፣ በሰበታ፣ ወሊሶ ደርሰን ወደ ላይ ታጠፍን።

ወንጪ ላላየው ሰው፦ ተራራው አናቱ ላይ እንደ ድስት ጎድጉዷል፤ ከሥር ሰማያዊ ሐይቅ፣ ዙሪያውን እንሰትና ጽድ። ድንኳኖቹን ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ሜዳ ላይ ተከልን። ንፋሱ አንደኛውን ወዲያው ከአንድ ጎኑ ቀደደው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግን ልባችን ሙሉ ነበር። በጉ ታረደ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ ድንጋይ ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ። «እዚያ የቀሩት ወገኖቻችን» ሲሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሚስታቸውን ማለታቸው ነበር። ያኔ በእውነት ያዘኑ መሰለኝ፤ ለማዘን ደግሞ ሐሙስ መቃረብ ነበረበት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰዉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ተቀመጠ። ፍቅሬ ጋዋኑን ለብሶ ቀጥታ ሥርጭት ጀምሯል። ስምንት ሰዓት አለፈ።

ጋዲሳ የሚባል ፈረስ የሚያከራይ የአካባቢው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሞ አጠገባችን ሲያልፍ ነበር። ፈረስ የሚከራይ ስላጣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሠርግ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ሸሽተን ነው።»

ጋዲሳ ፊቴን አየ፤ የምቀልድ መሰለው። ከዚያ ሐይቁን አየ።

«ወዴት?» አለ።

«ወደዚህ።»

«ይሄ እኮ እሳተ ገሞራ ነው።»

ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሰው ሰማው። ጋሽ ዘርዓብሩክ ተነሥተው መጡ። «ምንድን ነው ያልከው አንተ?»

«ይሄ ሐይቅ ያለበት» አለ ጋዲሳ፣ በዱላው እየጠቆመ፣ «የፈነዳበት ጉድጓድ ነው። ለሚመጣው ቱሪስት ሁሉ የምንነግረው እኮ ነው። ፍልውሃውም እዚያ ታች አለ። ላሳያችሁ? በፈረስ ነው የሚወረደው።»

ሰዉ በአንድ ላይ ከተቀመጠበት ተነሣ። አንዲት ሴት ወንበሯን አንሥታ ሌላ ቦታ አስቀመጠች፤ እዚያም እዚያም ያው ተራራ መሆኑን ስታስብ መልሳ አመጣችው። ፍቅሬን ፈለግን። ጋዋኑ ድንኳኑ ካስማ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ የለም። የመኪኖቹ ሾፌሮች ነዳጅ ሊቀዱ ወሊሶ ወርደዋል። ለዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቀራል።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ራኬብ ጋ ደወሉ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ራኬብ፣ ልጄ፣ ወንጪ እሳተ ገሞራ ነው ይላሉ?»

«አዎ ጋሼ። ለምን?»

«እዚያ ነን!»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ሳል ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

«አይፍሩ ጋሼ፣ ይፈነዳል ተብሎ አይጠበቅም።»

«ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ? የት እንሂድ? ወጨጫ?»

«ወጨጫም የጥንት እሳተ ገሞራ ነው።»

«ፉሪ?»

«እሱም።»

«እንጦጦስ?»

«ጋሼ፣ አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው የተሠራው።»

«አንቺ ራስሽ የት ነሽ?»

«አዋሽ ነኝ። መሣሪያ ልንተክል መጥተን ነው። ፈንታሌ ሥር።»

ሜዳው ላይ የነበርነው ሁሉ ወደ ስልኩ ተጠጋን።

«ምን ይታይሻል?»

«ፍየሎች» አለች ራኬብ። «ደህና ናቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆመን ጠበቅን፤ ሌላ የምናደርገው አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ልክ በሰዓቱ የጋዲሳ አንዱ ፈረስ በኃይል አነጠሰ። ግማሻችን መሬት ላይ ተደፋን። ጋሽ ዘርዓብሩክ ከሁላችንም ቀድመው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ተልጦ፣ ኮፍያቸው ወደ ሐይቁ ተንከባሎ ወረደ። ጋዲሳ ፈረሱን «ቀስ!» ብሎ ተቆጣው። እኛን ምንም አላለም። ሰው እንዲህ ሲያዝንልኝ ቶሎ ትዝ አይለኝም።

ዓርብ ከሰዓት ቀራንዮ ገባን። ከሩቅ ያየነው የጋሽ ዘርዓብሩክ ቤት አጥሮ ነው። ላይኛው ፎቅ ጣሪያ የለውም። ሮቶዎቹ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን፣ የራኬብ ዕቃ ደግሞ ታችኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኤባ የሚባል ፎርማን ከሦስት ሠራተኞች ጋር ብሎኬቱን እየለቀመ ወደ ታች ያወርዳል። እትዬ ዘመነች መሐል ቆመው፣ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ የትኛው መስኮት ለሽያጭ እንደሚቀመጥ ያሳያሉ።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ከመኪናው ዘለው ወረዱ። «ምን እየሠራችሁ ነው? ማን ፈቀደ?»

ኤባ እጁን ወደ እትዬ ዘመነች ጠቆመ።

«አንቺ! ቤቴን በማን ፈቃድ ነው የምታፈርሺው?»

«ግማሹ የኔ ነው» አሉ እትዬ ዘመነች። «ያንተን ግማሽ ማፍረስ ከፈለግህ ለኤባ ንገረው።»

«የመጨረሻውን ፎቅ እኮ ነው! የልፋቴን!»

«ራኬብ ስንጥቁን አሳየችኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ መሐንዲስ አምጥቼ እሱም አየው። ቀንሱ አለ። ቀነስኩ።»

«እኔ ሳልኖር?»

«ኖረህ መቼ ታየዋለህ? ሰማይ ሰማዩን ነው የምታየው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዕቃውን እያወረደ እንደማይሰማ ሆኖ ይሰማል። ጋሽ ዘርዓብሩክ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ኮፍያ የለም፣ ጉልበታቸው ላይ ፕላስተር አለ፣ ሁለት ቀን ጺማቸውን አልተላጩም። በድንገት ያረጁ መሰሉኝ።

«ያን ዕለት» አሉ። «ዘመነች፣ ያን ዕለት እኔ… አላሰብኩትም።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ዘመነች። «አላሰብከኝም።»

ከዚያ ዘወር ብለው ለኤባ «ያችን መስኮት ቀስ ብላችሁ አውርዷት፣ መስታወቷ ደህና ነው» አሉት።

በሚቀጥለው ወር መደበኛ ስብሰባ ነበረን። ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ዘርዓብሩክ ግን ሪፖርት ይዘው መጡ። «በአባላት ትብብር፣ በጸሎትና በፈጣን አመራር አንድም ሰው ሳይጎዳ አደጋው አልፏል» አሉ። እኔው ነኝ በቃለ ጉባኤ የጻፍኩት። ሰዉም አጨበጨበ። ምን ያድርግ? እሳቸውን ሞኝ ካለ ራሱም አይሱዙው ላይ ነበር። ምርጫው ሲደርስ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ፍቅሬ ደግሞ፣ ስልካችን ላይ እንዳየነው፣ ጋዋኑን እኛው ዘንድ ትቶ በከረባት የቦታ ዋጋ መተንበይ ጀምሯል። ተከታዮቹ በእጥፍ ጨምረዋል፤ ከነሱም ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የኛው ዕድር አባላት ናቸው።

በዚያው ስብሰባ እትዬ ዘመነች ተነሥተው የአልፊያን ሐሳብ መልሰው አቀረቡ፤ አንዱ ድንኳን ለተፈናቃዮቹ ይሂድ። በዚህ ጊዜ የተቃወመ የለም። «የትኛው?» ብቻ ነበር ጥያቄው። ደህነኛው ለኛ ይቅር፣ ወንጪ ላይ የተቀደደው ይሂድ ተባለ። ስለ ልግስናችንም ተጨበጨበ።

ድንኳኑን ይዘን የሄድነው እትዬ ዘመነች፣ አልፊያና እኔ ነን። አልፊያ ሁለት ጆንያ ዳቦ ጋግራ ጭናለች። ከመተሐራ ወዲያ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሸራና በጨርቅ ተጠልሎ ተቀምጧል። ራኬብ እዚያው አካባቢ ስለነበረች መጥታ አገኘችን። ወደ አንዲት ሚስኪ ወደምትባል ሴት ወሰደችን፤ የቤቷ ወለል መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ አንድ ግድግዳ ወደ ስንጥቁ የገባባት፣ ከብቶቿን ነድታ ልጆቿን ይዛ የወጣች ናት። ሁሉንም ነው ይዛ የወጣችው፤ ራኬብ በመንገድ ስትነግረን እትዬ ዘመነች በመስኮት ውጭውን አዩ።

ሚስኪ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን።

«ከአዲስ አበባ» አለች አልፊያ።

ሚስኪ ደነገጠች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እናንተም ጋ ደርሷል አሉ አይደል? ፎቅ ላይ ነው የምትኖሩት ሲሉ ሰምቼ በጣም ነው ያዘንኩት። በጣም ፈራችሁ?»

አልፊያ የዳቦውን ጆንያ ማውረድ ጀመረች። ሚስኪ እትዬ ዘመነችን እጃቸውን ያዘች።

«ከባሰባችሁ ወደኛ ኑ» አለቻቸው። «እዚህ ሜዳ ነው። ምንም የሚወድቅ ነገር የለም።»

እትዬ ዘመነች አንዴ ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥባቸው ሲል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሚስኪ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ራኬብን አየቻት። ራኬብ አንገቷን ነቀነቀች፤ ምንም አላጠፋሽም እንደማለት።

ድንኳኑን አወረድንና ዘረጋነው። ቀዳዳው የሰው ቁመት ያህላል፤ ሰፈር ሆነን ስናየው ትንሽ መስሎን ነበር። ሰበብ ልናገር አፌን ስከፍት ሚስኪ ቀድማ አየችው። ጨርቅ ወጥራ ከተጠለለችበት ሥር ገብታ ወፍራም መርፌና ሲባጎ ይዛ ወጣች፣ ሜዳው ላይ ተቀመጠች፣ የድንኳኑን ጠርዝ ጭኗ ላይ ሳበች።

እትዬ ዘመነች ሊያግዟት ጎንበስ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው።

«እናንተ ቁጭ በሉ» አለችን። «መንገድ ደክሟችኋል።»